ጦጣዋን «እንብላ» ያሏት እትዬ ኤርጎጌ

እትዬ ኤርጎጌ ውቅያኖስ ዳርቻ ያለ ፓርክ ውስጥ ጦጣ ደብድበው ተቀጡ የሚለው ወሬ የሚኖሩበት ጀርሚስተን ከተማ የገባው ከተሳፈሩበት አውቶብስ ቀድሞ ነው። ትሮይቪል ሰፈር ሲደርስ ጦጣዋ ዝንጀሮ ሆና ነበር፤ ሮዘተንቪል ላይ ጉማሬ ሆና አደረች።

ውሸት ነው። እትዬ ኤርጎጌ እንስሳ አልደበደቡም። ያደረጉት የባሰ ነው፤ አንድ አውቶብስ ሙሉ ምእመን አስራቡ። እሳቸው!

የነገሩ ክብደት የሚገባው ሴትዮዋን ለሚያውቅ ነው፤ የማያውቃቸው ደግሞ የለም። ሐበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ሰው ሳይጎርስ ከፊታቸው እንዳያልፍ ከሰማይ የተሾሙ አንዲት ሴት አሉ። የጀርሚስተኗ ሹመኛ ክብርት እትዬ ኤርጎጌ ናቸው። «በልቻለሁ» ያላቸውን ሰው «እሱ ያንተ ጉዳይ ነው፤ ይሄ የኔ ነው» ብለው ያጎርሱታል። ሎኬሽን በሚባለው የድሆች ሰፈር ባለችው ስፓዛ ሱቃቸው፣ በብረት ፍርግርጉ በኩል ዳቦ የገዛ ሕፃን ከረሜላ ሳይመረቅለት አይሄድም። አንድ ቀን ስለ መብራት ቆጣሪ ሊቆጣቸው የመጣ ሰውዬ በአይብና በጎመን ተሸንፎ፣ ጣቱን እየላሰ «ንጊያቦንጋ፣ ማማ» ብሎ አመስግኖ ወጥቷል።

ሙሉቀን ይህን እያወቀ ነው የገባበት። ሙሉቀን የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜያቸውን ከፍርግርግ ጀርባ የሚገፉትን የቤተ ክርስቲያኑን ባለ ሱቆች አንድ ጊዜ እንኳ ባሕር ላሳያቸው ብሎ ኬፕ ቪዳል ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ፓርክ ጉዞውን ያዘጋጀው እሱ ነው። አስጎብኚው ቴምባ ደግሞ የፓርኩ በር ላይ ቁርጡን ነገረው፦ ዛጎል አይነሣም፣ ቆሻሻ አይጣልም፤ ለጦጣ አንዲት ፍርፋሪ ከተሰጠች ግን አውቶብሱ ከነሰዉ ይመለሳል፣ ባሕሩም ይቀራል። ሙሉቀን ይህን ሲተረጉም ዓይኑ አንድ ሰው ላይ ብቻ ነበር።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ሰምቻለሁ» አሉት እትዬ ኤርጎጌ።

የባሕሩ ድምፅ ከአሸዋው ጉብታ ጀርባ ይሰማል፤ ያየው ግን ገና ማንም የለም። የእትዬ ኤርጎጌ ድስት ቀድሞ ተከፍቷላ! ልጇን ደረቷ ላይ የለጠፈች ጦጣ ከዛፍ ወርዳ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለች። ተያዩ። የአገሬው ተወላጅ ናትና በዙሉ ሰላምታ ጀመሩላት።

«ሳውቦና! ነይ፣ እንብላ!»

እጃቸው ከነቆጮው ተዘረጋ። (አንዱ ከአውቶብሱ መስኮት ይህን አይቶ፣ ለጥፊ የተነሣ እጅ መስሎት ነው ጀርሚስተን የደወለው።) ሙሉቀን ዘሎ ክንዳቸውን ያዘ።

«እትዬ፣ በጌታ!»

«አራስ ናት እኮ፣ አንተ! አራስ እያየችኝ ልዋጥ?»

ቴምባ መጣ። አልጮኸም። ከሰው እጅ የለመደች ጦጣ ነገ በመስኮት ትገባለች፣ ከነገ ወዲያ ሰው ትነክሳለች፣ ከዚያ በጥይት ትመታለች፤ ልጇም አትተርፍም፣ አለ። ሙሉቀን ተረጎመ።

እትዬ ኤርጎጌ ቆጮውን አገላብጠው አዩት። «ጉርሻዬ ጥይት ነው ማለት ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

በኖሩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር የተናገራቸው የለም። ቴምባም አዘነላቸውና መላ ሰጠ፦ አውቶብሱ ውስጥ ሆናችሁ፣ መስኮት ዘግታችሁ ብሉ። ገቡ። ጦጣዋ ተከትላ መጥታ መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። እትዬ ኤርጎጌ በፍርግርጋቸው በኩል የሚያዩትን ሕፃን ሁሉ እንደሚያዩት አዩዋት። ከዚያ ድስቱን በክዳኑ ድርግም አደረጉት።

«እኛ ካልሰጠናት እኛም አንበላም። ከበሩ እስክንወጣ አንዲት ነገር የሚቀምስ ወዮለት!»

«እትዬ፣ እኔ ቁርስም አልበላሁ» አለ ባለ ሱቁ ዱካሞ ከኋላ።

«እንግዲያው ጾሙን ጀምረኸዋል፤ ጸልይበት።»

ስለዚህ ምእመናኑ ባሕሩን ያዩት በባዶ ሆድ ነው። አዩት ግን። ዱካሞ ሱሪውን ጠቅልሎ ማዕበሉ እግሩን በነካው ቁጥር እንደ ልጅ ይጮኻል። ሩቅ ላይ ዓሣ ነባሪ ብቅ ሲል ሁሉም እልል አለ፤ «ስንት ሰው ይመግብ ነበር!» ያለውም ዱካሞ ነው።

አመሻሹ ላይ፣ ከበሩ ውጭ፣ እትዬ ኤርጎጌ ዛፍ ዛፉን አስፈትሸው ድስታቸውን ከፈቱ። ሊሰናበት የቆመው ቴምባ አንድ ጎረሰ፤ ሁለተኛው «እንዳያጣላን» ተብሎ ገባ፤ ሦስተኛውን ሊከላከል የሞከረበት እጁ ተያዘ። ሙሉቀን ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመው ቁጣ ነበረው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ጎረሰ። ሲያኝከው ግን የሚቀጥለውን ጉዞ እያሰበ ነበር፤ እሳቸው የሌሉበት አውቶብስ አልታየውም።

እትዬ ኤርጎጌ ፍርፋሪውን አንድ ሳያስቀሩ ለቅመው ፌስታል ውስጥ ቋጠሩና ወደ ፓርኩ ዞረው ቆሙ። ሁሉም አፉን ሞልቶ ሲያኝክ ጠየቁ።

«ያቺ አራስ ግን... ቆንቋና ሴት ናት ብላኝ ይሆን?»