የአቶ ሻረው ቀኝ እጅ

በየአገሩ አንድ «የቀድሞ የተከበሩ» አይታጣም። ምክር ቤት ገብቶ የወጣ ሰው እሱ ከወንበሩ ይነሣል እንጂ ወንበሩ ከእሱ አይነሣም። ዳባት አንድ አላት፤ አዲ አርቃይም አላት ይባላል። የደባርቁ ግን የሁሉም አውራ ነው፦ የተከበሩ አቶ ሻረው።

መምህር ዋሴ «የተከበሩ» የምትለዋን ቃል ከአፉ አውጥቶ አያውቅም። ሠላሳ አምስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከሻረው ጋር የተማሩት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ነው። ያኔ፣ የንባብ መጽሐፍ ለሁለት ልጅ አንድ በሚታደልበት በዚያ ደግ ዘመን፣ መጽሐፉን የሚይዘው ዋሴ፣ ገጹን የሚገልጠው ሻረው ነበር። ዋሴ አንደኛ ሲወጣ ሻረው አሥራ አንደኛ ይወጣል። ታዲያ ጊዜው ደርሶ ገጽ ገላጩ እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ ሲገባ አንባቢው ደባርቅ ቀረ። «ፈተናውን ያረመው ሰው መልሱን ገልብጦ ይዞት ይሆናል» ይላል ዋሴ በልቡ፣ እስከ ዛሬም።

ሻረው አምስት ዓመት ተቀምጦ ሲመለስ ይዞ የመጣው ጥቁር የቆዳ ቦርሳ፣ በአንገት የሚንጠለጠል ባጅ እና አመል ነው። ባጁ ጊዜው ካለፈ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ ግን ለቅሶ ቤት ሲሄድ ከጋቢው በላይ ያጠልቀዋል። እዚያም «ሦስት ደቂቃ ይፈቀድልኝ» ብሎ ይነሣና ንፍሮው እስኪቀዘቅዝ ይናገራል። ቤቱ ምሳ ሲቀርብለት ደግሞ ባለቤቱን ወይዘሮ ዝናሽን «ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ወጡ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይላታል።

«እንግዲያው ሳህኑንም አጥበህ አጽድቀው» ትለዋለች።

በጉ የጠፋበት ገበሬ መንገድ ላይ «አይተውብኛል ወይ?» ብሎ ቢያስቆመው፣ «ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለቋሚ ኮሚቴው ይመራ» ይላል። ገበሬውም ባዶ እጁን፣ ግን እጅ ነሥቶ ይሄዳል። ዋሴን የሚያበግነው ይኸው እጅ መንሣት ነው። ወንዝና ተራራ ያስቆጠራቸው የገዛ ተማሪዎቹ «እንዴት ዋሉ መምህር» ብለው እየተራመዱ ሲያልፉት፣ ለሻረው ቆመው ያሳልፋሉ።

ከሁሉ የገነነው ግን የሻረው ቀኝ እጅ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ «የምትደግፉ» ሲባል ሲነሣ ስለኖረ፣ ዛሬም ቃሉን ሲሰማ ጌታውን ሳያማክር ይነሣል ይባላል። አንድ ጊዜ ሊማሊሞ ላይ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ አውቶቡሱ ቆመ። ረዳቱ «ቁልቁለቱን በእግራችን ብንወርድ የምትደግፉ?» ቢል፣ ከአርባ ተሳፋሪ አንድ እጅ ወጣ። ሌላው ሰው ተቀምጦ ሲጠብቅ ሻረው ብቻውን፣ ቦርሳውን ይዞ፣ «ውሳኔ ውሳኔ ነው» እያለ ቁልቁል ወረደ። ይህችን ወሬ ደባርቅ ላይ የዘራት ዋሴ ነው። ጥቂት በርበሬም ሳይጨምርባት አልቀረም።

ባለፈው የካቲት የእድሩ ዳኛ «አረጀሁ፣ በቃኝ» አሉ። ዋሴ በዕድሜው ለምንም ነገር ተመርጦ አያውቅም፤ የክፍል አለቃነቱ እንኳ የሻረው ነበር። ይህን ወንበር ግን ሁዳዴ የጾመ ሰው የፋሲካን ዶሮ እንደሚፈልግ ፈለገው። ተጠቆመ። ሻረውም ተጠቆመ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አርባ አምስት አባላት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከጽዱ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ሰብሳቢ ሆኑ። በመጀመሪያ ስብሰባው ከእሑድ ወደ ረቡዕ ይዛወር የሚል ሐሳብ ቀረበ። «የምትደግፉ?» አሉ ቄሱ። ከፊት ከተቀመጡት ነጋዴዎች ሰባት እጅ ወጣ፤ ሐሳቡ ወደቀ። ከዚያ ወደ ዋናው ነገር ተገባ።

«መምህር ዋሴ የእድራችን ዳኛ እንዲሆን የምትደግፉ?»

ቄሱ በመቋሚያቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ። ሃያ ሁለት። ለማለፍ ሃያ ሦስት ያስፈልጋል፤ ለራስ እጅ ማንሣት ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። ያኔ ከኋላ፣ ከግንቡ ሥር፣ አንድ ቀኝ እጅ ከጋቢ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ሃያ ሦስት» አሉና ቄሱ የማን እጅ እንደሆነ ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሻረው፣ ልጄ፣ ተወዳዳሪው እኮ አንተ ነህ።»

«እጄ ለምዶብኝ ነው አባ» አለ ሻረው አንገቱን ደፍቶ። «ግን የተሰጠ ድምፅ አይመለስም። ደንብ ነው።»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። አናጢው እንግዳው «አይ ምክር ቤት፣ ሰውን ከገዛ እጁ ጋር ያጣላል» አለ።

ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ዋሴ ነው። እስከ ቤቱ በር እየሳቀ ሄደ። ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ ግን ሳቁ ቆመ። ስብሰባው ወደ ረቡዕ ይዛወር ሲባልስ? «የምትደግፉ» ተብሎ ነበር። የወጡት ሰባት እጆች፣ ሰባቱም የነጋዴዎቹ ናቸው።

ተመልሶ ወደ ሻረው ቤት ሲሄድ ሰውየው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቦርሳውን ቅቤ ይቀባል።

«ለመሆኑ የረቡዕ ነገር ሲነሣ እጅህ የት ነበር?»

«በርዶት ነበር።»

«ሻረው።»

ሻረው ቦርሳውን አስቀመጠ። «አምስት ዓመት እጄን ሳነሣ ኖርኩ፣ ዋሴ። የጎረቤቴን አይቼ ነበር የማነሣው። ወድጄ ያነሣሁት የዛሬውን ብቻ ነው። መጽሐፉን የምትይዘው አንተ ነህ፤ የእኔ ሥራ ገጽ መግለጥ ነው። ለሰው ግን እንዳታወራ፤ ለምዶበት ነው ይበሉ።»

ዋሴ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከቀድሞው ይልቅ ቀናበት። ወንበሩን ለቆለት እንኳ በለጠው።

ዋሴ ዳኛ ሆኖ በመራው የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ከኋላ፣ ከግንቡ ሥር፣ ያ ቀኝ እጅ ለመናገር ወጣ። ሰዉ ከወዲሁ መሳቅ ጀመረ። ዋሴ ጉሮሮውን ጠረገ። ቃሏ አሥራ አምስት ዓመት እዚያ ተሰንቅራ ነበርና ለመውጣት ጥቂት አስቸገረች።

«የተከበሩ አቶ ሻረው» አለ፣ «ሦስት ደቂቃ ተፈቅዶልዎታል።»

አቶ ሻረው ሰባት ደቂቃ ተናገሩ። ዋሴም አላቋረጣቸውም።