በርበሬ ያልሸጡልኝ ሴት

ሰውን ማሰቃየት ነውር መሆኑን የማያውቅ የለም። ችግሩ ሁላችንም «ግን» የምትል ትንሽ ቃል በኪሳችን ይዘን መዞራችን ነው። እስቲ እናንተም ኪሳችሁን ፈትሹ። እኔ ቡታጅራ ውስጥ ግብረ ገብ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ የእኔዋ «ግን» ከእናንተዋ ይልቅ የተማረች ነበረች። በማስተምረው ትምህርት አንዱ ወገን «የሚበጀውን መዝነህ አድርግ» ይላል፤ ሌላው «ምንም ቢመጣ ሰውን መጠቀሚያ አታድርግ» ይላል። አድራጊው ራሱ ምን ዓይነት ሰው ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ሦስተኛም አለ፤ እሱን ፈተና ላይ ስለማይመጣ እዘለው ነበር።

አንድ ቀን የጎረቤቴ የሽኩር አባት ጠፉ። መርሳት የያዛቸው፣ በየቀኑ የስኳር መርፌ የሚወጉ ሽማግሌ ናቸው። የዚያን ቀን መርፌውን ሳይወጉ ወጥተው ባጃጅ ሲሳፈሩ ታዩ። ቀትር ላይ ባለባጃጁን ሙዲንን ፈልገን ሽኩር ግቢ አስገባነው። መጀመሪያ «መስጊዱ ጋ አወረድኳቸው» አለ፤ ቆይቶ ደግሞ «አይ፣ መናኸሪያ ይመስለኛል» አለ። ሰባት ሆነን ከበብነው።

«በበርበሬ ይታጠን! ያኔ ይለፈልፋል» አለ አንዱ።

ሽኩር እንባውን እየጠረገ ወደ ጎን ወሰደኝ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ ምን ትላለህ?»

የተማርኩ አይደለሁ? ነፍስ ከአንድ ሰው ሳልና እንባ ይበልጣል ብዬ በሹክሹክታ ፈረድኩ። በርበሬውንም ልገዛ ራሴው ሮጥኩ።

በርበሬ ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ ዛላውን ሚዛን ላይ እያደረጉ «ለወጥ ነው ለድልህ?» አሉኝ። መዋሸት ነበረብኝ፤ ግብረ ገብ አስተማሪ ነኝና እውነቱን ተናገርኩ። ዛላውን ወደ ጆንያው መለሱት።

«ወላሂ አልሸጥልህም!»

«እትዬ፣ ሽማግሌው ሊሞቱ ይችላሉ እኮ!»

«ታዲያ ሰባት ወንድ አንድ ሰው ከባችሁ ምን ትሠራላችሁ? ሄዳችሁ አትፈልጓቸውም? ጭሱ ሲገባበት መካ አወረድካቸው ብትሉትም እሺ ይላል!»

ሻርፓቸውን አስተካክለው ቀድመውኝ ሽኩር ግቢ ገቡ። ሲቆጡ አንገቱን ያልደፋ አልነበረም። ሙዲን ተለቀቀ፤ እኛም ለፍለጋ ተበታተንን። ሽማግሌውን ያገኘናቸው መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ ረዳቱ «አሁን ይሞላል፣ አሁን እንሄዳለን» እያለ ከጠዋት ጀምሮ ባቆመው ወደ ቡኢ የሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ አፋቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ፈዞ። ሐኪም ቤት አድርሰናቸው ተረፉ። ተመስገንም አልኩ፣ አልሐምዱሊላህም አልኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜም የማይንቀሳቀስ መኪና መረቅሁ።

በኋላ ግን አላስችል አለኝና እትዬ ዘይነባን ሱቃቸው ሄጄ «ሙዲን ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮስ ይሸጡልኝ ነበር?» አልኳቸው።

«እሱ የፈለገውን ይሁን። እኔ የሰው ዓይን ማቃጠያ የምሸጥ ሴት አልሆንም።»

እዘለው የነበረውን ትምህርት ሱቃቸው ደጃፍ ቆሜ ተማርኩ። እግዜር ይስጣቸው፤ እሳቸው ባይኖሩ ዛሬ ምን ዓይነት ሰው ሆኜ ክፍል እንደምገባ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ሙዲን ግን የሚያመሰግነው እኔን ነው። ባየኝ ቁጥር ባጃጁን ያቆምና «ቲቸር፣ ያን ቀን ሮጠው እትዬን ባያመጡልኝ አልቆልኝ ነበር!» ይለኛል። እውነቱን ልነግረው አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ እሳቸው ፊት ደገመው። እትዬ ዘይነባ ከሚዛናቸው ቀና ብለው ትክ ብለው አዩኝ።

«አዎ» አሉት፣ «በጣም ነበር የሮጠው።»