አንዲት ትልም ብቻ

መንገድ የሚበላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከጨፋ በላይ ባለው ተራራ፣ በእኛ መንደር፣ ሞልተዋል፤ አለቃቸው ግን ጎረቤታችን አያ ይማም ናቸው። ልጅ ሳለሁ ከማሳቸው በላይ ሰፊ መንገድ፣ ከመንገዱ በላይ ደግሞ የመንደሩ ግጦሽ ነበር። በየዓመቱ ሲያርሱ «አንዲት ትልም ብቻ!» እያሉ ሁለቱንም ማሽላ አደረጉት። በአንዲት ትልም ማን ይከሰሳል? እኛም እንደ ፍየል ከማሽላው በላይ ባለው ድንጋይ ላይ ማለፍ ለመድን።

ዘንድሮ ረመዳን ሳይገባ ተብሎ የሴት ልጃቸው ሠርግ ከአጨዳው ቀደመ። ሙሽራው በበቅሎ፣ አጃቢው በጭፈራ መጣና ማሽላው ዳር ደረሰ።

«ኧረ በአላህ፣ በመንገዱ ኑ!» ብለው ጮኹ አያ ይማም።

«በየቱ መንገድ አያ?» አሉ የሙሽራው አጎት። «ከሌለ እንመለሳለና!»

አያ ይማም ማሽላቸውን አዩ፤ ተኳኩላ የተቀመጠችውን ልጃቸውን አዩ። ማጭድ አነሱና እያጨዱ «አንዲት በቅሎ የምታሳልፍ ብቻ!» አሉ።

«ወላሂ አይሆንም፣ ሚዜው ከጎኑ ነው የሚሄደው!» አሉ አጎትየው።

መንገዱ በዚያ ቀን ከነስፋቱ ተመለሰ። ግጦሹ ግን አሁንም ማሽላ ነው። አያ ይማም ሁለተኛ ልጅ አለቻቸው፤ መንደሩ በሙሉ አጃቢው የበዛ ባል እየፈለገላት ነው።