ጋሽ ብርሃነመስቀልና የመንግሥት ጥይት

ሐበሻ በተሰበሰበበት ከተማ ሁሉ አንድ የወታደር ዕቃ ሰባኪ አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ጃኬታችሁን በሁለት ጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ ሐኪም ክፉ ውጤት ሲናገር በሚያወጣው ድምፅ «ይኼ ለሲቪል የተሠራ ነው» ይላችኋል። የእኛው፣ የዋሺንግተን አካባቢው ሰባኪ፣ ክቡር ጋሽ ብርሃነመስቀል ናቸው።

ክቡርነታቸው አንድም ቀን ወታደር ሆነው አያውቁም። አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ እዚህ አሌክሳንድሪያ ደግሞ በአንድ ሆቴል የጥገና ክፍል ይሠራሉ። ቢሆንም ጫማቸው የወታደር፣ ሰዓታቸው የወታደር፣ የሻይ ኩባያቸው ሳይቀር የወታደር ነው። ሁሉንም የሚገዙት ሠራዊቱ ተርፎኛል ብሎ ካወጣው ዕቃ ነው። ለምን እንደሆነ ለሚጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «መንግሥት የሞከረውን አንተ ልሞክር ብለህ ምን አደከመህ?»

ለእኔ ሠርግ ያመጡት ስጦታ አረንጓዴ የጦር ሜዳ ብርድ ልብስ ነበር። ባለቤቴ ሰርካለም አንድ ሌሊት ለበሰችውና ጠዋት «ከጃርት ጋር ያደርኩ መሰለኝ» አለች።

የእህታቸው ልጅ ሄለን ከኮሌጅ ስትመረቅ ደግሞ ጌይተርስበርግ ባለው የእህታቸው ግቢ ድንኳን መከራየት ሞኝነት ነው አሉና እውነተኛ ፓራሹት ወጠሩ። እስከ ምሳ ድረስ አማረ። ከምሳ በኋላ ነፋስ መጣ፤ ፓራሹቱም የተፈጠረበትን ሥራ ሠራ። ገመዱ የታሰረበትን ጠረጴዛ ከነዶሮ ወጡ አንሥቶ ጎረቤት አጥር ላይ ጣለው። ጋሽ ብርሃነመስቀል ቀና ብለው ጨርቁን መረመሩና «አያችሁ? አልተቀደደም!» አሉ።

እኚህን ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ የማገኛቸው ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ የዒላማ ተኩስ ክለብ ነው። ከእኛ ሰዎች አዘውትረን የምንሄደው ሦስት ነን፤ እሳቸው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ነርሷ ጸዳለና እኔ። በፈረንጆቹ 2013 ጥይት ከገበያ ጠፋ። የየሱቁ መደርደሪያ ባዶውን ቀረ፤ የመኸሩ ውድድር ግን ቀኑን ጠብቆ እየመጣ ነበር።

ያኔ ነው ጋሽ ብርሃነመስቀል ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ መኪና ማቆሚያ ድረስ ጠርተውን የመኪናቸውን ትራንክ የከፈቱት። ውስጡ ጥይት በካርቶን በካርቶን የታጨቀበት የብረት ጣሳ ተደርድሯል።

«ማች ግሬድ!» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከመንግሥት መጋዘን የወጣ!»

ማች ግሬድ ማለት ለውድድር ተብሎ የተሠራ ጥይት ነው። ተራው የወታደር ጥይት ጠላት ወዳለበት አቅጣጫ ከሄደ ይበቃዋል፤ ይኼኛው ግን አረሩም ባሩዱም አንዱ ከሌላው እንዳይለይ በጥንቃቄ የሚሞላ ነው። የእኔ ልብ ወዲያው ቀለጠ። የጸዳለ አልቀለጠም።

«ጋሼ፣ ሲገዙት ታሽጎ ነበር?»

«አንዱ ጣሳ እንደታሸገ ነው። ሌሎቹን ሻጩ ራሱ ከፍቶ አሳየኝ። እንዴት ያለ ቅን ሰው መሰለሽ!»

«እንግዲያው የተከፈተውን ማን ሲነካካው እንደኖረ አናውቅም። መጀመሪያ እንፈትሸው።»

«አንቺ ለበሽተኛ መድኃኒት የምትሰጪው ቀምሰሽ ነው?»

«አይደለም። ማሸጊያው ከተከፈተ ግን አልሰጥም።»

ጋሽ ብርሃነመስቀል ሳቁ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ክለቡ ውስጥ የታሸገውን ጣሳ በፊታችን ከፍተው ተኮሱ፤ የበሷቸው ቀዳዳዎች ሁሉ በአንድ መዳፍ የሚሸፈኑ ነበሩ። ጸዳለ ዒላማውን አይታ «ይኼኛው ጣሳ ግሩም ነው» አለች። «ይኼኛው» የሚለውን ቃል ረገጥ አድርጋ ነው ያለችው፤ እሳቸው ግን የሰሙት «ግሩም» የሚለውን ብቻ ነው። ከተከፈቱት ጣሳዎች አንድ ካርቶን ለእኔ ሰጡኝ። የቀረውን ጌይተርስበርግና ጀርመንታውን ላሉ ወዳጆቻቸው አደሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጸዳለ ተረኛ ነበረች፤ ጋሼም ከሰዓት ሥራ ነበራቸው። ብቻዬን ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ያን ጠዋት ለሥራ ለብሰው ሰዓት እስኪደርስ ጥይታቸውን እየወለወሉ ሳለ፣ በአንድ ካርቶን ውስጥ ባሉት ቀለሆች ቂጥ ላይ የታተመው ዓመት የተለያየ ሆኖ አገኙት። አንድ ላይ ተሠርቶ አንድ ላይ የታሸገ ጥይት እንዲህ አይሆንም። ጥይቶቹን በኩሽና ሚዛን መዘኗቸው። አንዷ ቀለለች፤ ባሩድ የላትም። አንድ ሰው የተተኮሰ ቀለህ ለቃቅሞ፣ እቤቱ ሞልቶ፣ በመንግሥት ካርቶን ውስጥ መልሶ ከቶታል። ደወሉልኝ። ስልኬ መኪና ውስጥ ነበር፤ ጆሮዬም በመከላከያ ተደፍኖ ነበር።

እኔ በዚያ ሰዓት ደስ ብሎኝ እየተኮስኩ ነው። የመጀመሪያዎቹ አማሩ። ከዚያ አንዷን ስተኩስ እንደ ወትሮው አልጮኸችም፤ እንደ ሳል ነገር «እህ» ብላ ቀረች። ዒላማው ላይ አዲስ ቀዳዳ የለም። ከሸፈች ብዬ ሌላ ላቀባብል እጄን ሰደድኩ።

«ሲዝ ፋየር! ሲዝ ፋየር!»

በክለቡ ሕግ አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው ተኩስ አቁም ማለት ይችላል። መስመሩ ላይ ጡረታ የወጡ የባሕር ኃይል ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ጠመንጃቸውን አስቀምጠው ወደ ኋላ ተመለሱ። ዞር ስል ጋሽ ብርሃነመስቀል በሆቴል የደንብ ልብሳቸው እያለከለኩ ይሮጣሉ።

«እንዳትነካው! እጅህን አንሣ! እባክህ ልጄ!»

የመስመሩ ኃላፊ በአፈሙዙ በኩል መወልወያ ዘንግ ሰደደ። ዘንጉ መሀል ላይ ቆመ። አረሩ የሚገፋው ባሩድ አጥቶ እዚያው ተቀርቅሯል። ሌላ ጥይት ከኋላው ብተኩስ ኖሮ ጠመንጃው ፊቴ ላይ ይፈነዳ ነበር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ይህን ጥይት ማን ሰጠህ?» አለ ኃላፊው።

ጋሽ ብርሃነመስቀል ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ በዚያ በአስተማሪ እንግሊዝኛቸው «እኔ ነኝ» አሉ። «ሳልፈትሸው ሰጠሁት። ተሳስቻለሁ።»

ስንት ዓመት ስንተዋወቅ ይህቺን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ቀን ግን ሥራቸውን ትተው በየበሩ እየደገሟት ዞሩ። ጌይተርስበርግ አሏት፤ ጀርመንታውን አሏት። ጀርመንታውን ያለው ኪዳኔ ካርቶኑን መመለስ አልፈለገም።

«የእኔ ጥሩ ይተኩሳል ጋሼ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። አምጣው።»

ከተከፈቱት ጣሳዎች የወጣውን ሁሉ ሰብስበው እንዲያስወግደው ለክለቡ አስረከቡ።

ይህን የሰሙ ሰዎች ከሠራዊት የተረፈ ማች ግሬድ ጥይት ይገዛል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። በልበ ሙሉነት እመልሳለሁ። ጣሳው በፋብሪካ እንደታሸገ ከሆነ ይገዛል፤ ያንንም ቢሆን በገዛ ጠመንጃችሁ ጥቂቱን ሞክሩት፤ ለአንዱ ጠመንጃ የተስማማ ሌላውን ላይስማማው ይችላል። ከተከፈተ ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስለ ካርቶኑ እንጂ ስለ ጥይቱ አይመሰክርም፤ ተዉት። ጸዳለ ከታሸገው ጣሳ ተኩሳ በውድድሩ ሁለተኛ ወጥታለች። ጋሽ ብርሃነመስቀል እስከ ዛሬ ለሰው የሚያወሩት ጥይቱ ሁለተኛ እንደወጣ ነው።

ያን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። አሁንም በዚያው የደንብ ልብስ ነበሩ።

«ጋሼ፣ የእኔን ካርቶን እኮ ጠዋት ወስደውታል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ፈልገው ነው?»

«ፊትህን ልየው ብዬ ነው።»

አገጬን ይዘው ወደ መብራቱ አዞሩኝ። በቀኝ አዩ፤ በግራ አዩ። ከዚያ ዓይናቸው እርጥብ ብሎ ሊሄዱ ዞሩ። ሰርካለም ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። የመጀመሪያውን ሰሐን አቀርቅረው በሉ። ሁለተኛው ላይ ነፍሳቸው መለስ አለችና፣ ድስታችን ለሲቪል የተሠራ ስለሆነ ብዙ እንደማይቆይ ለባለቤቴ ያስረዷት ጀመር። እሷም «እሺ ጋሼ» እያለች ሦስተኛ ጨመረችላቸው።