ማንም የማያጠጣው ኒም

ሶሲዮሎጂ ነው የተማርኩት ብዬ ለሰው መናገር ካቆምኩ ቆየሁ። ድሮ እናገር ነበር። ሰውየው እሱ ደግሞ ምንድን ነው ይለኛል፤ አስረዳዋለሁ። በትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ ታዲያ ሥራው ምንድን ነው ይላል። የሠራሁት ዛፍ የሚተክል መሥሪያ ቤት ነው ብዬ ስጨምርበትማ ነገሩ ይብሳል። የዛሬ ልጆች ምን አለባችሁ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «የአየር ንብረትና የአካባቢ ጥበቃ የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያ» እየተባለ ቦታ ይወጣላችኋል። ትሻማላችሁ። እኔ ስገባ እንኳን ቦታው ወንበሩም አልነበረም። ቦታዬን ያገኘሁት በጭቅጭቅ ነው፣ ያውም በአንዲት ቃል ጭቅጭቅ።

ጊዜው ደርግ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰን ሰው መንግሥት ወደ ፈለገበት ይመድበዋል፣ ምርጫ ብሎ ነገር የለም። እኔን ተወልጄ ወዳደግኩባት ድሬዳዋ መለሱኝ። አባቴ የባቡር ሰው ስለነበር ቤታችን ከዚራ ሰፈር ነው፤ የእናቴ ወጥ ሊናፍቀኝ አይደለም ብዬ ደስ አለኝ። ደብዳቤውን ይዤ ስሄድ የተመደብኩት የደን ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሆኖ ተገኘ። ድሬዳዋ ላይ ደን። እስቲ አስቡት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ውሻ እንኳን መንገድ የማያቋርጥበት ከተማ ላይ።

ኃላፊያችን ጓድ አስፋው ይባላል። የችግኝ ተከላ ኮሚቴው ሊቀ መንበርም እሱ ነው። ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አንብቦ ምን እንደምችል ጠየቀኝ። ሰው አነጋግራለሁ፣ እንዴት እንደሚኖር አያለሁ፣ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ እጽፋለሁ አልኩት። እኛ የምንሠራው ከዛፍ ጋር ነው፣ ዛፍ ደግሞ አይናገርም አለኝ። የሚተክለው ሰው ይናገራል አልኩት። ወደደኝ ማለት አይቻልም። አካፋና ዶማ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አስገባልኝና አምስት ወር ሙሉ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አጻፈኝ።

የዘመቻውን ነገር ልንገራችሁ። በየክረምቱ የየቀበሌው ሰው ይጠራል፣ ስም ይያዛል፣ የቀረ ለምን ቀረህ ይባላል። ጉድጓድ ይቆፈርና ኒም ይተከላል። ኒም እኮ ሙቀት አይፈራም፣ ቅጠሉም መራራ ነው፤ ቢሆንም ገና ለጋ ሳለ ውሃ ይፈልጋል። መፈክር ይባላል፣ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ ሁሉም ላቡን እየጠረገ ወደ ቤቱ። ከተወሰነ ወር በኋላ ስትመለሱ የምታገኙት ደረቅ እንጨት ነው። ለዓመቱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ይተከላል። ሦስት ችግኝ የተቀበረበት ጉድጓድ አውቃለሁ።

ኮሚቴው ምክንያቱ ይጠና አለ። የአፈር ባለሙያችን አቶ ወንድሙ አፈሩን በከረጢት ወስዶ መረመረና አፈሩ ምንም አልሆነም አለ። አንዱ ፍየል ነው አለ። ጓድ አስፋው ግን መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፦ የሕዝቡ የንቃት ጉድለት ነው። ያን ጊዜ ነው ዶማ ክፍል ውስጥ ስለ ሰው የተማረች ልጅ መኖሯ ትዝ ያለው። ተጠራሁ። የጥናቱ ርእስ በታይፕ ተመትቶ ተሰጠኝ፦ «የችግኞች አለመጽደቅና የኅብረተሰቡ የንቃት ጉድለት»። መልሱ ተሰጥቶኛል፣ የቀረኝ ጥያቄውን ፈልጎ ማምጣት ነው። እምቢ ማለት ነበረብኝ ትሉ ይሆናል። ከአካፋ ጋር አምስት ወር ተቀመጡና እንነጋገራለን።

የመጠይቅ ቅጼን ይዤ መጋላ ሰፈር ወጣሁ። ቀበሌ ለቀበሌ ብዞር ያው ደረቅ እንጨት። በኋላ አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ ገብቼ ከአንዲት ትንሽ መስጊድ ፊት ለፊት ደረስኩ። በግንቧ ሥር ኒሞች ተደርድረዋል፣ የሰው ቁመት ያህል፣ አረንጓዴ። ከሌላው ቀበሌ ችግኝ ጋር በአንድ ቀን፣ ከአንድ መኪና ላይ የወረዱ ናቸው። ዓይኔን አላመንኩም።

ቅጼ ላይ ጥያቄ ቁጥር አራት እንዲህ ትላለች፦ «ችግኙን በቀን ስንት ጊዜ ያጠጣሉ?» ፊት ለፊት ያለውን ልብስ ሰፊ ጠየቅኩት። አላጠጣም አለኝ። እህል ነጋዴውን ጠየቅኩት። አቦ፣ እኔ መቼ ነው ዛፍ ሳጠጣ ያየሽኝ አለ። የመስጊዷን በር የሚጠብቀውን ሀጂ ኢብሮን ጠየቅኩት፤ በጉልበቱ ዘመን ለገሃር ዕቃ ያወርድ የነበረ ሽማግሌ ነው። ወላሂ ማንም አያጠጣም አለኝ። እሱ አንቺ ይለኛል፣ እኔም አንተ እለዋለሁ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አንወድም፣ ለሌላ አገር ሰው ቢከብድም እኛ በዚያው ነው የምንከባበረው።

ሦስት ቀን ሙሉ «አላጠጣም» ለቀምኩ። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ ማታ ቁጭ ብዬ ከመሬቱ ሥር የተደበቀ ውሃ ሳይኖር አይቀርም ብዬ መጻፍም ጀምሬ ነበር። አራት ዓመት ተምሬ።

በአራተኛው ቀን ሙቀቱ አሸነፈኝና ልብስ ሰፊው በረንዳ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ስድስት ተኩል ገደማ አዛን ተሰማ። ሰዎቹ ከየሱቁ ወጡ። ማዕዘኑ ላይ ካለችው ቦኖ ማንቆርቆሪያቸውን ሞሉ፣ እያንዳንዱ ወደ አንድ ኒም ሄደና ቁጢጥ አለ። እጅ ታጠበ፣ አፍ ታጠበ፣ ፊት፣ ክንድ፣ እግር። ውሃው ሁሉ ኒሙ ሥር ወረደ። ደግሞ ሁሉም የራሱ ኒም አለው። እህል ነጋዴው ቀድሞ በልብስ ሰፊው ኒም ሥር ተቀምጦ ነበርና፣ ልብስ ሰፊው አናቱ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ተነሣለት። ይህ በቀን አምስት ጊዜ ነው፣ በዓል የለ፣ ዝናብ የለ።

ሀጂ ኢብሮ ጋ ሄድኩ።

«ማንም አያጠጣም አላልከኝም?»

«አያጠጣም። እኛ ለሶላት ነው የምንታጠበው።»

ነገሩን አስረዳኝ። ድሮ እዚያው ግንቡ ሥር ሲታጠቡ ጭቃው እየተፈናጠረ ልብሳቸውን ያበላሽ ነበር። ዘመቻው መጥቶ ጉድጓድ ሲያስቆፍራቸው ውሃው መግቢያ አገኘ፣ ጭቃው ቀረ። ስለ ጉድጓዱ አላህን አመሰገኑ። ዛፉስ አልኩት። ዛፉማ እዚያው ውስጥ ነበር አለኝ።

ሳቄን ሳልጨርስ ሌላውን ነገረኝ። ያው የኛ ኮሚቴ ውሃ ለመቆጠብ ብሎ፣ ያቺ ቦኖ ውሃ ያላግባብ የሚፈስባት ስለሆነች በወሩ መጨረሻ ትዘጋለች የሚል ወረቀት ልኳል። ቀጣዩ ቦኖ ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ማዶ ነው። ከጎረምሳው ይልቅ የሚበዙት ሽማግሌዎች ናቸው፤ በዚያ ፀሐይ በቀን አምስት ጊዜ አሸዋ ሊሻገሩ ነው። ኒሞቹም በሳምንታቸው ነው የሚደርቁት። ሀጂ አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። «አንቺ ወረቀት ትጽፊ የለ? በይ ጻፊዋ» አለኝ። እጽፋለሁ አልኩት።

ጻፍኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አስተጣጠቡን በቅደም ተከተል አሰፈርኩ፤ ትምህርታችን እንደዚያ ነው፣ ያየኸውን አንድ በአንድ ጻፍ ይላል። ሥሩ ላይ፦ «ችግኞቹ የጸደቁት ነዋሪዎች ለሶላት በሚታጠቡበት ውሃ ነው። ቦኖው ቢዘጋ ይደርቃሉ» አልኩ።

ጓድ አስፋው በቀይ እስክሪብቶ ሶላት የምትለዋን ቃል ሰረዘና «በነቃው ሕዝብ ተሳትፎ» ብሎ ከላይዋ ጻፈ። የሶሻሊስት መሥሪያ ቤት ዛፍ በጸሎት በቀለ ብሎ ሪፖርት አያደርግም አለኝ። በጸሎት አይደለም፣ በውሃ ነው አልኩት። ውሃው ግን የሚመጣው ለጸሎት ነው፤ ቃሉን ካወጣኸው ውሃው ለምን እንደሚፈስ ማንም አያውቅም፣ ቦኖውንም ትዘጋላችሁ አልኩት። የቦኖው ጉዳይ ሌላ አጀንዳ ነው አለ። ለዛፉ ሌላ አይደለም አልኩ። አስተካክለሽ አምጪ አለኝ። አላስተካክልም አልኩት።

ፈርቻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ሳይደርስ ይቀር ነበር። ግን ተናድጄ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ የማውቀው፣ የአፈር ባለሙያውም ሊቀ መንበሩም የማያውቁት ነገር እጄ ገብቷል። እሱን በቀይ እስክሪብቶ ሊወስድብኝ ነው? አይወስድም።

እናቴ ከጎረቤት ሰማች። የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆነሽ ለእስላሙ ሶላት ማን ጠበቃ አደረገሽ አለችኝ። ስለ ቦኖ ነው እማዬ እላታለሁ፤ አንዲት ቃል ናት፣ ሰርዢያትና እንደር ትላለች። ሁለት ቀን ለመነችኝ። በሦስተኛው ቀን እንደማልመለስ ስታውቅ፣ በይ ሲወስዱሽ ሹራብሽን እንዳትረሺ አለች። በድሬ ሙቀት።

ጸሐፊዋ ወረቀቱን አልመታም ስላለች ራሴ በሁለት ጣት መታሁት። ጓድ አስፋው ሰረዘው። እንደገና መታሁት፣ እንደገና ሰረዘው። የኮሚቴው ስብሰባ ሲደርስ እኔ ያው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ፤ የችግኝ አጀንዳ ሲነሣ ቆምኩና ሪፖርቴን ከነቃሏ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሰው ሁሉ ጠረጴዛውን አየ። አቶ ወንድሙ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ታዲያ ለምን ሄደን በዓይናችን አናየውም አለ። እግዜር ይስጠው።

በማግስቱ ስድስት ተኩል ላይ የመንግሥት መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆመ። አዛን ተባለ። አንድም ሰው አልወጣም። ማን ይወጣል? ያ መኪና ሲቆም ሰው ወደ ጓዳው ነው የሚገባው። ጓድ አስፋው ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ የታሉ ሰዎችሽ አለኝ። አለቀልኝ አልኩ፣ ቦኖዋም አለቀላት።

ሀጂ ኢብሮ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወጣ። ጉልበቱን ያመዋል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ከቦኖዋ ቀድቶ በመኪናው ጎን አለፈና ኒሙ ሥር ቁጢጥ አለ። እኛን አላየንም። ያን ቀን እንደታጠበው ዝግ ብሎ ሲታጠብ አይቼው አላውቅም። እጁን ሲጨርስ ልብስ ሰፊው ወጣ። ከዚያ እህል ነጋዴው። ከዚያ ሁሉም። አቶ ወንድሙ ጎንበስ ብሎ የኒሙን ሥር በጣቱ ነካና እርጥብ ነው አለ። እኔ አለቀስኩ። ላብ ነው ብዬ ጠረግኩት። ጓድ አስፋው መኪናው ውስጥ ገባ።

በሳምንቱ ሁለት ደብዳቤ ወጣ። አንዱ የኔ ነው፦ ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል «የማኅበራዊ ጥናት ሠራተኛ» ተብለሽ ከከተማ ውጪ ቢዮ አዋሌ ችግኝ ጣቢያ ተዛውረሻል ይላል። ሌላው ለየመሥሪያ ቤቱና ለየቀበሌው የተላለፈ መመሪያ ነው። የመስጊዷ ቦኖ ለችግኝ እንክብካቤ ሲባል አትዘጋም። ከዚህም በተጨማሪ የግል ንጽሕናንና አረንጓዴ ልማትን ለማቀናጀት፣ ማንኛውም ሠራተኛና ነዋሪ በተመደበለት ችግኝ ሥር በቀን አምስት ጊዜ ይታጠባል፦ በመጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ አፉንና አፍንጫውን፣ ፊቱን፣ ክንዱን እስከ ክርኑ፣ ራሱን በእርጥብ እጅ ያብሳል፣ በመጨረሻም እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ። ሁለተኛው ገጼ ነው፣ ከነነጥቡ። ሶላት የምትል ቃል የለችበትም። የእኔም ስም የለበትም። በሳቅ ፈርሼ ወንበሬ ላይ ቀረሁ።

ቁልፍ ላስረክብ የሄድኩ ቀን ሀጂ ኢብሮ ለመንገዴ ሐልዋ ይዞልኝ መጣ። መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመን ስንሰነባበት ስድስት ተኩል ሆነ። ጓድ አስፋው መመሪያው ከራሴ ይጀምር ብሎ ነው መሰለኝ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጣሳውን ይዞ ግቢው ውስጥ ባለው ኒም ሥር ቁጢጥ አለ። ሙቀት ነውና ጫማውን አውልቆ ውሃውን እግሩ ላይ ለቀቀው። ሀጂ ከበሩ ሆኖ አየው።

«እግሩን አስቀደመ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እግር መጨረሻ ነው። ከመጀመሪያ ይጀምር በይው።»

እሱ እኮ ሶላት የለበትም፣ ምን ቸገረህ አልኩት።

«እኔ ስለ ሶላት መቼ አነሣሁ? መመሪያው ነው እንደዚያ የሚለው።»

ሄጄ ነገርኩት። ጓድ አስፋው ቀና ብሎ እኔን አየ፣ በሩ ላይ የቆመውን ሀጂን አየ። መመሪያውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አነበበ። ከዚያ ጣሳውን እንደገና ሞላና ከእጁ ጀመረ።