ጥሬ ሥጋ አልበላ ያሉት አማቴ

ይሉኝታ ቪዛ አይጠየቅም። እኛ ዲቪ ሞልተን፣ አሻራ ሰጥተን፣ ሳንባችንን ራጅ ተነስተን፣ ኤምባሲ በር ላይ ላባችንን እየጠረግን ስንመጣ እሱ ማንም ሳይፈትሸው አብሮን አውሮፕላን ይሳፈራል። ኮሎምበስ ስንደርስ ሻንጣችን ቢጠፋ እንኳ እሱ አይጠፋም። በዚህ አገር ሰው በፒጃማ ገበያ ይወጣል፣ ውሻውን በሕፃን ጋሪ እየገፋ ይንሸራሸራል፣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። እኔ ግን ይህን ሁሉ እያየሁ ስንት ዓመት ኖሬ፣ አንድ ሥጋ ቤት ገብቼ «ይህ ሥጋ ለቤት እንስሳ ነው» ማለት አቃተኝ። መዘዙ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። የሚቻል ቢሆን ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ብታነቡልኝ ደስ ባለኝ።

እንስሶቹ ፌረት ይባላሉ። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲሮጡ ጀርባቸው እንደ ድልድይ የሚጎብጥ፣ ፊታቸው ጭምብል ያጠለቀ የሚመስል ፍጥረቶች ናቸው። ባለቤቴ ፋጡማ መጀመሪያ ስታያቸው «ሸለምጥማጥ ቤቴ አይገባም!» ነበር ያለችው። አልተሳሳተችም፤ ቁርጥ ሸለምጥማጥ ናቸው። ኮልፌ ሳለን ሸለምጥማጥ የምናውቀው ዶሮ ነጥቆ ሲሮጥ፣ ሰፈሩም ዱላ ይዞ ሲከተለው ነው። ዶሮውን ራሴ ገዝቼ፣ አስፈጭቼ፣ «እባክሽ ቅመሺልኝ» እያልኩ ሸለምጥማጥ እለምናለሁ ብሎ የተነበየልኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ጠበል ውሰዱት፣ ዱዓ አድርጉለት ባልኩ።

ግን ሐያት አለች። ሐያት አንድያ ልጃችን ናት። በዚያ በኮሮና ክረምት ትምህርቷን ከመኝታ ቤቷ በኮምፒውተር ትማር ነበር። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ጠፉ፤ በመጨረሻ ከኛም ጋር ማውራት ተወች። ምን ሆንሽ ስንላት መልሷ «አይም ፋይን» ነው። ፋይን አለመሆኗን ለማወቅ ደግሞ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ዋይትሆል በሚባለው ሰፈር ባለው አፓርትመንታችን ከላያችን የነበረች ጎረቤት ወደ ሌላ ስቴት ስትዛወር ሁለቱን ፌረቶች ከነጎጇቸው ልትሰጣት ጠየቀች። ሐያት አንዷን ስታቅፍ ሳቀች። ያን ሳቅ ከሰማን በኋላ ሸለምጥማጥ ቀርቶ ጅብ ቢሆንም እናስገባው ነበር።

ወንዱ ዋፍል፣ ሴቷ ፒክል ይባላሉ። ፒክል ማለት በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ነው፤ ሰው ልጁን «ኮምጣጤ» ብሎ እንደማይጠራ ለሐያት ላስረዳ ሞክሬ ተውኩት።

ኑሯቸው ኪብል በሚሉት፣ ቆሎ በመሰለ ደረቅ ምግብ ነበር። ወደ ጸደይ ገደማ ፒክል ትከሳ፣ ሆዷም ይበላሽባት ጀመር። የእንስሳት ሐኪሟ መረመረቻትና ነገሩን ለሐያት አስረዳች፤ ሐያት ለኔ። እነዚህ እንስሶች በተፈጥሯቸው ሥጋ በል ናቸው፤ የፒክል ሆድ ቆሎውን አልቻለውም፤ ቀስ በቀስ ወደ ጥሬ ሥጋ መሻገር አለባት፤ ጉበትም፣ ልብም፣ አጥንትም አብሮ ተፈጭቶ። ግን ግትሮች ናቸው፤ በልጅነታቸው ያልለመዱትን ምግብ አይቆጥሩትም። በረሃብ አስገድዳለሁ ማለት ደግሞ አይቻልም፤ ረሃብ አይችሉም፣ ይሞታሉ። ሐያት ይህችን የመጨረሻዋን ስትናገር ፒክልን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

እኔ ግን ተዝናናሁ። ጥሬ ሥጋ! ክትፎ በልቶ ላደገ ሰው ይህ ምኑ ያስጨንቃል? ኒው አልባኒ ከምሠራበት መጋዘን ፎርክሊፍቴን፣ ያን ዕቃ ማንሻ መኪና፣ አቁሜ ስወጣ በቀጥታ ወደ ጋሼ ሰይድ ሥጋ ቤት ነዳሁ።

ጋሼ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። ሰላምታቸው ብቻውን አንድ ኪሎ ይመዝናል። ዶሮ ከነአጥንቱ፣ ልብና ጉበት ጨምረው እንዲፈጩልኝ ስጠይቃቸው ቢላቸውን አስቀመጡ።

«ከነአጥንቱ? ለማን ነው ከድር?»

ከኋላዬ ወረፋ የያዘ ሰው አለ። እውነቱን ብናገር ምን እንደሚባል ታየኝ። አገር ቤት ሥጋ የናፈቀው ስንት ዘመድ እያለ ከድር ለሸለምጥማጥ ሐላል ዶሮ ያስፈጫል! አፌ ከኔ ቀድሞ «በሽተኛ አለብኝ» አለ። ማን? አሉ። እናቴ እንዳልል ሟርት ሆነብኝ። «አማቴ» አልኩ። ጥርስ የላቸውም፣ አጥንቱን ለካልሲየም ሐኪም አዞላቸው ነው፣ አልኩ። የአማት ሟርት ሟርት አይደለም እንዴ? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ጋሼ ሰይድ «አላህ ያሽራቸው» ብለው የተሻለውን ጉበት መርጠው ጨመሩ።

ቤት ገባሁና በትንሽ ሳህን አቀረብኩ። ዋፍል አሽትቶ ሄደ። ፒክል አሸተተች፣ አስነጠሳት፣ ወደ ኋላ እየሄደች ፊቷን ምንጣፍ ላይ ጠረገች። መርዝ ያቀረብኩላት ነበር የሚመስለው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባላል፤ የኔዎቹ ቆሎውን ካላመጣህ ብለው ጎጆውን ያንኳኩ ጀመር። ሐያት ከኢንተርኔት ዘዴ አመጣች። ቆሎውን እንደ በሶ ፈጭተን ሥጋው ላይ ነሰነስን፤ በሶውን ልሰው ሥጋውን ተዉት። በሞቀ የአጥንት መረቅ አቀጠንነው፤ ዋፍል ገብቶበት ታጠበ። በጣታችን ድዷ ላይ ቀባንላት። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ብዬ ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ባጎርሳት አውራ ጣቴን ነከሰችኝ። አንድ ቀን «በላች!» ብለን ተቃቀፍን፤ ኋላ ቤቱ ሲሸት ሥጋውን ከሶፋው ሥር ደብቃው አገኘነው። እያደር እጄ ላይ ትቀለኝ ነበር። ሐያት ደግሞ ክፍሏን ዘግታ መቀመጥ እንደገና ጀመረች፤ አሁን ግን ፒክልን አቅፋ ነው።

ሥጋ ቤት በሄድኩ ቁጥር ጋሼ ሰይድ ሌላውን ደንበኛ ትተው «አማትህ በሉ?» ይላሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት፣ የኔ እያደር ይከብድ ጀመር። አንድ ቀን ከሥራ ደክሞኝ፣ ልቤ ፒክል ዘንድ እንዳለ ሲጠይቁኝ ሳላስበው ዘረገፍኩት።

«ምን ይበላሉ ጋሼ! አሸተቱት፣ አስነጠሳቸው፣ ከዚያ ፊታቸውን ምንጣፍ ላይ ጠረጉ።»

«ምንጣፍ ላይ?»

«የቀረውንም ወስደው ሶፋ ሥር ደበቁት።»

ጋሼ ሰይድ እጃቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «ያ አላህ! አእምሯቸውም ተነክቷላ!» አሉ። «አንተም ይህን ሁሉ ችለህ ዝም አልክ?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «አውራ ጣቴንም ነከሱኝ» ብዬ እንዳልጨምር ምላሴን ነክሼ ወጣሁ።

የዚያን ሰሞን ሽማግሌዎቻችን ክትባታቸውን ጨርሰው የሚጠይቁት በሽተኛ ያጡበት ወቅት ነበር። ዓመት ሙሉ ለቅሶ በስልክ፣ ሠርግ በስልክ ሲደርሱ የከረሙ ሰዎች ናቸው። ጋሼ ሰይድ እኛ ቤት የዋለ በሽተኛ መኖሩን ሲያወሩላቸው ማን ይቀራል?

እሑድ ረፋድ ላይ እኔና ሐያት መታጠቢያ ቤት ነበርን። ምንጣፍ እንዳይበላሽ ብለን ፒክልን ገንዳው ውስጥ አድርገን እንለምናታለን፤ እጄ እስከ ክርኔ ጉበት ነው። በሩ ተንኳኳ። ፋጡማ ከፈተች። ስለ አማቴ ሕመም አንድም ቃል አልነገርኳትም፤ የራሷን እናት በሽተኛ ማድረጌን እንዴት ብዬ ልንገራት?

በሩ ላይ ጋሼ ሰይድ፣ ባለቤታቸው እትዬ ሐዋ እና ሁለት ጎረቤቶቻቸው፣ ሁሉም ጥቁር ማስክ አድርገው፣ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ቆመዋል። ሳይደውሉ ነው የመጡት። እትዬ ሐዋ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ይዘዋል። ጋሼ ሰይድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ፋጤ፣ አይዞሽ። የእናትሽን ነገር ሰምተን ነው የመጣነው» አሉ።

እንግዲህ ፍረዱ። በእሑድ ረፋድ፣ ሽማግሌዎች ተሰባስበው፣ ሳይደውሉ፣ የእናትሽን ነገር ሰምተን ሲሉ፣ በኛ አገር ይህ ምን ይባላል? አገር ቤት ያሉ እናቷን በኮሮና ምክንያት ሁለት ዓመት ያላየች፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ የሚርድ ሴት ምን ትሰማ?

ፋጡማ «እናቴን!» ብላ እዚያው ወለሉ ላይ ወደቀች። ጩኸቷ አፓርትመንቱን አናወጠው። እነ ጋሼ ሰይድ ደግሞ ይህን ሲያዩ «በሽተኛዋ እኛ ደረጃውን ስንወጣ አረፉ» ብለው ደመደሙ። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ በአንድ ድምፅ። ለፋጡማ ማረጋገጫው ይህ ሆነ። እሷ ስትጮህ እነሱ አለቀሱ፣ እነሱ ሲያለቅሱ እሷ ፀጉሯን ነጨች። እትዬ ሐዋ ድስቱን መሬት አስቀምጠው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር።

እኔ ከመታጠቢያ ቤት ሮጬ ወጣሁ። እጄ በደም ተነክሯል። ሁሉም እጄን አዩ፤ ልቅሶው ቀጥ አለ። አንዱ ጎረቤት ወደ በሩ አፈገፈገ።

«አልሞቱም!» አልኩ።

«ታዲያ የት ናቸው?» አሉ እትዬ ሐዋ።

«ኮልፌ።»

«በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው አውሮፕላን አሳፈርካቸው?» አሉ ጋሼ ሰይድ በድንጋጤ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምነው። ሰው ይህን ሲል ስሰማ የቋንቋ ማሳመሪያ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን የእውነት ወለሉን አየሁት። ፋጡማ ከወደቀችበት ቀና ብላ በእንባዋ መካከል ታየኛለች። «መጀመሪያውንም አልመጡም» አልኩ። «አልታመሙምም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጉበት…» ብለው ጋሼ ሰይድ ሳይጨርሱ ሐያት ፒክልን ታቅፋ እየዘለለች ወጣች። እኛ ስንጯጯህ የሚለምናት ሰው ያጣችው ፒክል ገንዳው ጠርዝ ላይ ትቼው የሮጥኩትን ሳህን ራሷ ሄዳ ጠርጋዋለች። «ዳድ! ሺ ኤት ኢት! ሁሉንም በላችው! ከነአጥንቱ!» አለች ሐያት፣ የምታለቅስ እናቷን ገና ሳታይ። ፒክል ጢሟን ላሰች።

ጋሼ ሰይድ ማስካቸውን ዝቅ አደረጉ። ፒክልን ረዥም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እኔን።

«አማትህ እቺ ናት?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚህ የከፋ ነገር የለም ስል፣ ጋሼ ሰይድ ቀስ ብለው፣ ያለ ቁጣ፣ «ጁምዓ ዱዓ አስደርጌላቸዋለሁ እኮ» አሉ። «ኢማሙ የከድር አማት ብለው ጠርተው፣ ሕዝቡ ሁሉ አሚን ብሏል።» ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢመቱኝም። እትዬ ሐዋ ፋጡማን አነሷት፣ ፊቷን በነጠላቸው ጠረጉላት፣ ከዚያም ያመጡትን ሾርባ ቀድተው አጠጧት። ለበሽተኛ የመጣ ሾርባ በሽተኛ አላጣም፤ ያሳመምኳት እኔ ነበርኩ።

ፋጡማ እኔን አላናገረችኝም። ስልኳን አንስታ ኮልፌ ደወለች። እዚያ ምሽት ሆኗል። የእናቷ ድምፅ «ሃሎ» ሲል እንደገና ፈነዳች። አሁን ደግሞ በተራቸው እማማ ዘይነባ ደነገጡ፤ ማን ሞተ እያሉ ይጮሃሉ። ማንም አልሞተም፣ ብላ እየሳቀችም እያለቀሰችም ሁሉንም ነገረቻቸው። ሥጋ ቤቱን፣ ምንጣፉን፣ ሶፋውን፣ ዱዓውን። ነገሩን ስትጨርስ ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ኔትዎርኩ የተቋረጠ መስሎኝ አላህን አመሰገንኩ።

«ከድርን ስጪኝ» አሉ።

በታጠበ እጄ ስልኩን ተቀበልኩ። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ተደርድረው ያዩኛል።

«አቤት እማማ።»

«ልጄ፣ በመስጊድ ዱዓ ተደርጎልኛል?»

«አዎ እማማ።»

«ጠያቂ መጥቶልኛል? ሾርባም?»

«መጥቷል። አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እሱ ይቆይ። ለመሆኑ መብላት ጀመርኩ?»

ፒክልን አየኋት። ሐያት ጭን ላይ ሆዷ ተነፍቶ ተኝታለች።

«ዛሬ በልተዋል እማማ» አልኩ። «ከነአጥንቱ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉብኝ።