ዊልፍረድ ታከር ወደ ገንዳው የወረዱበት ቀን

ኃያሉ ባለቤቴ ዊልፍረድ ታከር፣ በእንግሊዝ አገር የዴቮን አውቶቡስ ነጂ፣ የጓሮ ባቄላ ጠባቂ፣ ጡረታ ወጥተው በቤታቸው በነገሡ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ሐኪሙ «ለገና መድረስዎን እንጃ» ባላቸው በሁለተኛው ወር፣ በመስከረም ይህ ሆነ።

ታላቅ እህታቸው እመት ሙሪየል ከገበያ የገዙትን ባለ አንበሳ የዘር አርማ ጋሻ ከምድጃቸው በላይ ሰቅለው፣ የታከር ዘር ከባሕር ማዶ ከድል አድራጊው ንጉሥ ጋር በፈረስ የመጣ ነው እያሉ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ያው አንበሳ በወንድማቸው መቃብር ድንጋይ ላይ እንዲቀረጽ አዘዙ። ኃያሉ ግን የማላውቀው አንበሳ ሥር አልተኛም ብለው ወደ ቤተ መዛግብት ዘመቱ፤ በአራተኛው ማክሰኞም ከስድስት መቶ ዓመት በፊት የተከሰሰውን የሩቅ ቅድመ አያታቸውን ራልፍን አገኙት። ክሱ ለሥራው ያጠራቀመውን የቆየ ሽንት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ደፋ የሚል ነበር፤ በእኛ አገር ታከር ይባል የነበረው አዲስ የተሸመነ ሱፍ ወፍሮ እንዲጠብቅ ሽንት በሞላበት ገንዳ በባዶ እግሩ የሚረግጥ ሰው ነውና።

እመት ሙሪየልም አወጁ፦ «ያንን ሽንትህን ከዘሬ ጋር እንዳታነካካው። አንበሳው ይቀረጻል፤ አለቀ።»

ወእምዝ ኃያሉ እንደ ራልፍ ሱፍ ሊረግጡ ቆርጠው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሽንት ባልዲ ሲሞሉ ሰነበቱ፤ እኔም ባልዲው የቤቴን ደፍ እንዳያልፍ አዋጅ አስነገርኩ። በቅዳሜ ቀን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ የሚረገጠውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሸመነችላቸው ጎረቤታችን ሄብዲች የልብስ መቆንጠጫ አፍንጫዋ ላይ ሰክታ፣ ቄሱ ነፋሱን ከኋላቸው አድርገው፣ ውሻችንም ከሁሉ በላይ ደስ ብሎት እያጀቧቸው ወደ ገንዳው ወረዱ። ሳል ሲይዛቸው የገንዳውን ጠርዝ ጨብጠው፣ ሲለቃቸው እየዘፈኑ ረገጡ። የቀድሞ አውቶቡሳቸው እንኳ ሲያልፍ መስኮቱን ዘጋ።

ይህን ውርደት ሊያስቆሙ እመት ሙሪየል ባርኔጣቸውን ደፍተው ደረሱ። የወንድማቸው እግር ከስቶ ሲንቀጠቀጥ አዩ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ካልሲያቸውንም አወለቁ።

«ዞር በል እስቲ። ይሄም ረገጣ ሆኖ ነው?»

«በፈረስ ነው የመጣሽው፣ ሙሪየል?»

ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ፣ ብርድ ልብሱ እንደ ሰሌን እስኪጠነክር ድረስ ረገጡት።

ኃያሉ በኅዳር ዐረፉ። ሦስት ጊዜ ታጥቦም ገና የሚሸተው ብርድ ልብስ ሣጥናቸውን ሸፈነ። ክብር ለእነዚያ ቀጫጭን እግሮች፣ ስድስት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ረግጠው አያታቸው ዘንድ ለደረሱት፤ ክብር ለድንጋዩም፣ እመት ሙሪየል ራሳቸው ቆመው ላስቀረጹት፣ አንበሳ ለሌለበት፣ ከታከር ስም በታች አራት ባዶ እግሮች ለሚታዩበት።